የካዎ ጦና ጎረቤት ማን ይሁን?

የአንድን ከተማ ልብ ለማወቅ መዝገብ ቤቱን መበርበር አያስፈልግም፤ አደባባዩ ላይ ማንን እንዳቆመ ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቷን ከነፈረሳቸው አቁማለች። ጳጳሷን አቁማለች። የየካቲት 12 ሰማዕታቷን አቁማለች። ሌኒንንም በ1976 ዓ.ም. አቁማ በ1983 ዓ.ም. አጋድማዋለች። ወደ ባለቅኔና ወደ ዘፋኝ ስንመጣ ግን ነገሩ ያስገርማል። «አደባባይ የተሰየመለት ባለቅኔ ማነው?» ቢባል ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ሩሲያዊው ፑሽኪን ነው። «ዘፋኝስ?» ቢባል ጃማይካዊው ቦብ ማርሊ ነው። ፑሽኪንን ቅድመ አያቱ የእኛ ሰው ነው ብለን፣ ማርሊን ልቡ ወደ እኛ ነበር ብለን ተቀብለናቸዋል። ሁለቱም ይገባቸዋል፤ አልነፈግሁም። ግን በገዛ ልጆቻችን ዜማ ስቀን አልቅሰን፣ ድረን ቀብረን ስናበቃ፣ አደባባይ ስንሰጥ ለእንግዳ የምንፈጥን ሕዝብ መሆናችን ለምን ይሆን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል፤ የሚያርፈው ግን አዲስ አበባ ላይ አይደለም። ወላይታ ሶዶ ላይ ነው።

ሶዶን ለምን መረጥሁ? ከተማዋ ገና እየተሠራች ስለሆነች ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተኛችው ይህች ከተማ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። መቀመጫ የሆነ ከተማ መንገዱ ይሰፋል፣ መብራቱ ይበዛል፣ መናፈሻ ይቀየስለታል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። ከተማ በሚቀየስበት ሰሞን የተረሳ ነገር ደግሞ ለሃምሳ ዓመት እንደተረሳ ይቀራል። ሐሳብ ካለን የምንናገረው አሁን ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ!

በሶዶ ጎልቶ የሚታየው ሐውልት የንጉሥ ነው፤ የካዎ ጦና። ካዎ ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ናቸው። በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር ወላይታን በከባድ ጦርነት ሲይዝ ቆስለው ተማርከዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ምድሩን ብቻ ሳይሆን ስሙንም የቀማ ነበር። ሕዝቡ ራሱን «ወላይታ» እያለ በመንግሥት ወረቀት ላይ «ወላሞ» ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሕዝብ የመጀመሪያውን ነሐስ ለንጉሡ ማዋሉ ትክክል ነው። ሐውልቱ «እኛም መንግሥት ነበረን» ይላል፤ ይህ መባል ነበረበት፤ ተብሏል።

ዳሩ ግን የንጉሥ ሐውልት የሚናገረው ስለ አገዛዝ ነው። ማን እንደገዛ፣ ማን እንደተማረከ፣ ማን እንዳልተንበረከከ ይነግረናል። ሕዝቡ ሰርጉን እንዴት እንደዘፈነ፣ ሙቱን እንዴት እንዳለቀሰ፣ አዝመራውን በምን ዜማ እንደሰበሰበ አይነግረንም። ስለዚህ እላለሁ፦ ካዎ ጦና ጎረቤት ያስፈልጋቸዋል። ጎረቤታቸውም ሌላ ንጉሥ፣ ሌላ ጄኔራል ባይሆን እወዳለሁ። ዘፋኝ ይሁን።

ይህን ስል ወዲያው የሚቀርብልኝ ጥያቄ «የትኛው ዘፋኝ?» የሚል ነው። ለጊዜው ልዝለለውና የሌሎችን አገር ልምድ ላስቀድም።

*

«ሶል» የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ስሙ ራሱ «ነፍስ» ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ተወልዶ ወደ ጭፈራ ቤት የወጣ፣ ወጥቶም የእናቱን ቤት ድምፅ ያልረሳ ዘፈን ነው። የዚህ ሙዚቃ ታላላቆች አብዛኞቹ የገጠርና የትንንሽ ከተማ ልጆች ናቸው። በሕይወት ሳሉ በፊት በር እንዳይገቡ የከለከሏቸው ከተሞች ኋላ ላይ ሐውልት አቁመውላቸዋል። ሦስቱን እንያቸው።

የመጀመሪያው በጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ከተማ የቆመው የጄምስ ብራውን ሐውልት ነው። ብራውን የተወለደው በሳውዝ ካሮላይና ቢሆንም ያደገው በኦገስታ ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲመረቅ ሰውየው በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ2006 ነው። ይህ አንዱ ቁም ነገር ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ደግሞ ሐውልቱ መደብ የሌለው መሆኑ ነው። ነሐሱ ጄምስ ብራውን የቆመው በመሬት ላይ፣ በእግረኛው መካከል፣ በሰው ልክ ነው። ልጆች ትከሻውን ያቅፉታል፤ ሽማግሌዎች ቁመታቸውን ይለካኩታል። በዚያው መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1878 የተመረቀ የእርስ በርስ ጦርነት ሐውልት አለ። በሃያ ሦስት ሜትር ገደማ ዓምድ ጫፍ ላይ የቆመው ወታደር የደቡቡ፣ የባሪያ አሳዳሪው ወገን ወታደር ነው። አንዱ ሰማይ ላይ ተሰቅሎ ቁልቁል ያያል፤ ሌላው ከእግረኛው ጋር ተጋፍቶ ይቆማል። ንጉሥና ወታደር ከፍታ ይፈልጋሉ፤ ዘፋኝ የሚፈልገው ሕዝብ ነው። የኦገስታ ቀራጭ ይህ የገባው ሰው ነበር።

ሁለተኛው በዚያው ግዛት በሜከን ከተማ የቆመው የኦቲስ ሬዲንግ ሐውልት ነው። ሬዲንግ በሜከን ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር አድጎ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1967 በአውሮፕላን አደጋ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተ። ሊሞት ቀናት ሲቀሩት የቀዳው ዘፈን ከሞቱ በኋላ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ሜከን በ1974 ድልድይ ሰየመችለት፤ በ2002 ደግሞ በወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ ሐውልቱን አቆመች። ነሐሱ ሬዲንግ ጊታሩን ይዞ በመጨረሻው ዘፈን ውስጥ እንዳለው ሰው ተቀምጧል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ እዚህ ላይ ቅር ይለኛል። ሬዲንግን ሬዲንግ ያሰኘው ላቡ እየተንጠባጠበ፣ እግሩ መድረኩን እየደበደበ የሚጮኸው ጩኸት ነበር። ከተማው ግን ሸቀጥ የሆነለትን፣ ጸጥ ያለውንና የማይረብሸውን ሬዲንግ መርጦ አስቀመጠ። ዘፋኙን በአንድ ዘፈን ውስጥ ቆለፈበት። ነገሩን ያዳነችው ባለቤቱ ዜልማ ናት። በ2007 ባቋቋመችው ፋውንዴሽን የከተማው ልጆች ሙዚቃ ይማራሉ። ነሐሱ ያላለውን ልጆቹ ይሉታል።

ሦስተኛዋ ኒና ሲሞን ናት። በኖርዝ ካሮላይና በምትገኝ ትራዮን በምትባል ትንሽ ከተማ በ1933 ተወለደች። ራሷ እንደተረከችው በልጅነቷ ፒያኖ ልትጫወት መድረክ ላይ ስትቀርብ ወላጆቿን ከፊት ወንበር አስነሥተው ወደ ኋላ ወሰዷቸው። ሕፃኒቱም «ወላጆቼ ወደ ፊት ካልተመለሱ አልጫወትም» አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ያችው ከተማ ሐውልቷን አቆመችላት፤ በነሐሱ ደረት ውስጥ ባለ የነሐስ ልብ የሥጋዋ አመድ ተቀምጧል። ከሦስቱ ይህ ይበልጥ ልቤን ይነካል፤ ምክንያቱም ዕዳ ያለበት ነው። ትራዮን «ይህች ታላቅ ሴት የእኛ ልጅ ናት» ስትል፣ የሐውልቷን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ «ወላጆቿንስ የት አስቀምጣችሁ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ በር ከፍታለች። መልካም መታሰቢያ ከተማውን የሚያስመካ ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍርም ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ ሦስት መለኪያ እናገኛለን። መታሰቢያው ከሰው ልክ ከፍ አይበል። ዘፋኙን በነሐስ ቆልፎ አያስቀር። ከተማው ያለበትን ዕዳ አይደብቅ።

*

በእነዚህ መለኪያዎች የእኛን አገር እንመዝን።

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት አረፈ። ሚያዝያ 15 ቀን በመንግሥት ደረጃ በተሰናዳ ሥነ ሥርዓት፣ የመስቀል አደባባይን ያጥለቀለቀ ሕዝብ ሸኝቶት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ለአንድ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ክብር ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። «አዝማሪ» በሚለው ቃል ውስጥ ንቀት ሸፍኖ ለኖረ ማኅበረሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዘመን የተሻገረ ቀብር ነበር። ነገር ግን ቀብር ቀብር ነው። የመቃብር ስፍራ የሚሳለሙበት፣ ድምፅ ዝቅ የሚያደርጉበት ቦታ ነው። ኢትዮጵያን በድምፁ ቁጭ ብድግ ያደረገ ሰው መታሰቢያ ጮክ ብሎ መዝፈን ነውር በሆነበት ቅጥር ውስጥ ሲሆን አንድ ነገር ይጎድላል። በወሊሶ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት የተማረው፣ በሀገር ፍቅር ቴያትርና በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የዘፈነው ጥላሁን፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ያንጎራጎረው ጥላሁን፣ ሕያው ሆኖ የሚገኘው በታክሲ ውስጥና በሰርግ ቤት ነው።

የሀጫሉ ሁንዴሳ ነገር ደግሞ ሌላ ሐዘን ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገደለ። ወደ ትውልድ ከተማው ወደ አምቦ ሲጓዝ የነበረው አስከሬን ቡራዩ ላይ ተይዞ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ የት ይቀበር በሚለው ጭቅጭቅ ሰው ሞተ፤ በመጨረሻም ሰኔ 25 ቀን አምቦ ተቀበረ። በዚያ ሰሞን በአገሪቱ የፈሰሰውን ደም ለማንም አላስታውስም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚህ ጉዳይ ለዚህ ጽሑፍ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዘፋኝ የማን ነው? የተወለደባት ከተማ ወይስ ዘፈኑን የሰማው አገር?» የሚለው ጥያቄ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የቡና ወሬ አይደለም። ዘፋኙን በሕይወቱ ሳለ በሰላም ያላስቀመጥንበት አደባባይ ሲሞት የጦር ሜዳ ሊሆን ይችላል።

ከሐውልት ሌላ መታሰቢያ የሠራልን ደግሞ አንድ ፈረንሳዊ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የአዲስ አበባን የስድሳዎቹንና የሰባዎቹን የእነርሱ ዘመን ሸክላዎች እየፈለገ፣ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በተከታታይ አሳትሟል። ቅጾቹ ከሠላሳ አያንሱም። ዘጠነኛው ቅጽ የዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ ዓለማየሁ ጄምስ ብራውንን ሰምቶ በአማርኛ የጮኸልን፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፈው ድምፃዊ። ዐሥራ ሰባተኛው የጥላሁን ነው። ሃያ ስምንተኛው የድሬዳዋው ዓሊ ቢራ ነው። ዐሥራ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ የኮንሶን ዘፈን ይዟል። በወላይታ ስም የተሰየመ ቅጽ ግን የለም። ፋልሴቶን አልወቅሰውም፤ እርሱ የሠራው ሥራ እኛ ልንሠራው የሚገባን ነበር። የአብዬን ወደ እምዬ ላክክ አልፈልግም። በዚህ ሁሉ ቅጽ ውስጥ ስምህን አለማግኘት ግን በአደባባይ ሐውልት ከማጣት የበለጠ ማጣት ነው። ድንጋይ ዛሬም ነገም ይጠረባል፤ ያልተቀዳ ድምፅ ግን ከዘፋኙ ጋር ይቀበራል።

*

አሁን ወደ ዘለልሁት ጥያቄ ልመለስ። «የትኛው የወላይታ ዘፋኝ?»

በአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤት የገባ ሁሉ ወላይታን ያውቃል። ከጉራጌው በኋላ ወይም ከሲዳማው በፊት ይመጣል። ከበሮው ፈጠን ይላል፣ ወገብ ይሽከረከራል፣ ቱሪስቱ ያጨበጭባል፣ ተወዛዋዦቹ ልብስ ለመለወጥ ይሮጣሉ። አንድ ምሽት ሰዓቴን አይቼ ስለካው አራት ደቂቃ አልሞላም። መድረክ መሪው የሸዋውን ዘፈን ሲያስተዋውቅ የደራሲውን ስም ጠራ፤ የጎንደሩን ሲያስተዋውቅ የድምፃዊውን ስም ጠራ። ወላይታው ሲደርስ «አሁን ወላይታ!» አለና አለፈ። ሰው የሌለበት፣ ወገብ ብቻ ያለው ሕዝብ።

ዕዳው ይኸው ነው። የወላይታ ዘፈን በመሐል አገር የታወቀው በጅምላ ነው። ምቱ ተወስዷል፤ ውዝዋዜው ተወስዷል፤ በምቱ ላይ የአማርኛ ግጥም ተጭኖበት ተሸጧል። የዘፈኑን ባለቤት ስም የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የወላይታን ልጅ በአዲስ አበባ ጎዳና የጫማ ሣጥን ይዞ «ሊስትሮ» ብለን ጠራነው፤ ስሙን አልጠየቅነውም። በምሽት መድረክ ላይ ዘፈኑን «ወላይታ» ብለን ጠራነው፤ የደራሲውን ስም አልጠየቅንም። ሁለቱ አንድ ዓይነት አለመጠየቅ ናቸው።

የቋንቋም ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሶዶ ለምን እንደተነሣች የሚያስታውስ ያስታውሳል። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ጨፍልቆ «ወጋጎዳ» የሚል አንድ የመማሪያ ቋንቋ ለመሥራት መጻሕፍት ታትመው ነበር። የሶዶ መምህራንና ተማሪዎች «ይህ የእናቶቻችን አፍ አይደለም» አሉ። ሰው ታሰረ፤ ሰው ሞተ፤ መጻሕፍቱ ተነሡ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለሰፈር መንገድ ወይም ለማዳበሪያ ዋጋ ሳይሆን ለቃላት የሞተ ሰው ያለባት ከተማ ለቃል ሠራተኛ፣ ለዘፋኝ፣ መታሰቢያ ልትነፍግ አይገባትም።

ከዚህ በኋላ ነው ከራሴ ጋር የምጣላው። ዘፋኝ ይቁም አልሁ። ግን የወላይታ ዘፈን እንደ ጥላሁን፣ እንደ ሬዲንግ የአንድ ሰው ጉሮሮ ነውን? አንድ ሰው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሦስተኛው ከላይ ይደርብበታል፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ሆነው ይመላለሳሉ። በመስከረም የጊፋታ በዓል፣ አዲሱ ዘመን ሲገባ ሜዳውን የሚሞላው ዘፈን አንድ ባለቤት የለውም፤ ያወጣው ሰው ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል። እዚህ መካከል አንዱን መርጦ በነሐስ ማቆም የንጉሥን ሥርዓት በዘፈን ላይ መጫን አይሆንምን? ካዎ ጦናን ያቆምንበትን ልክ ወስደን ዘፋኙን ብናለብሰው፣ ሰውየው የሌላ ሰው ካባ የለበሰ ይመስላል።

ስለዚህ «የትኛው ዘፋኝ?» ለሚለው መልሴ፦ አንድ ዘፋኝ አይደለም። የሚያወጣና የሚቀበል ነው። ሶዶ የምትሠራው መናፈሻ ዘፋኙን ከተቀባዮቹ ጋር የሚያቆም ይሁን። አውጪው መሬት ላይ ይቁም፤ በዙሪያው ያለው ክበብ ደግሞ ባዶ ይተው። ባዶው ቦታ የጎብኚው ነው፤ ገብቶ የሚቀበል።

*

ተቃውሞ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። ሦስቱን ላንሣ።

አንደኛው፦ «ወላይታ መሬት የጠበበበት አገር ነው፤ ገበሬው ለልጁ የሚያካፍለው ጥማድ አጥቷል፤ አንተ ለዘፋኝ መናፈሻ ትላለህ» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ነገር ግን መናፈሻ የሚያስፈልገው መሬት ለጠበበው እንጂ ለተትረፈረፈው አይደለም። ግቢ የሌለው ሰው ነው አደባባይ የሚያስፈልገው። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፦ በር ላይ ትኬት አይቆረጥ። መግቢያ የሚከፈልበት መናፈሻ ሠርተን የሕዝብ ብንለው ራሳችንን ማታለል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያን በኩል የሚመጣ ነው። ወላይታ ውስጥ ወንጌላውያን ምእመናን ብዙ ናቸው፤ «ዘፈን» የሚለው ቃል ራሱ በብዙዎቹ ዘንድ የዓለም ነገር ነው። ይህን በማቃለል አላልፈውም። ግን ታሪኩን እንየው። የውጭ ሚሲዮናውያን ሶዶ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጣልያን በ1937 ሲያስወጣቸው የተዉት ምእመን በጣት የሚቆጠር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች አገኙት። መጽሐፍ በሌለበት፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ጥቂት በሆነበት፣ እስራትና ግርፋት ባለበት በዚያ ጊዜ እምነቱን ከመንደር መንደር ካሻገሩት ነገሮች አንዱ መዝሙር ነው፤ አንዱ አውጥቶ ሌላው እየተቀበለ፣ በወላይትኛ የተዘመረ መዝሙር። ሶል ከቤተ ክርስቲያን ወደ ጭፈራ ሜዳ ወጣ ብለናል፤ በወላይታ ደግሞ የሜዳው አወጣጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ቤቱ ሁለት ነው፤ ጉሮሮው አንድ ነው። በመናፈሻው የመዝሙር አውጪውም ስም ቢጻፍ፣ የሠርግ ዘፋኙም ስም ቢጻፍ፣ የለቅሶ አውጪዋም ስም ቢጻፍ ማንም አይጎዳም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «የማን ወገን፣ የማን ጎሣ ይቀድማል?» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ኳስ ሜዳ ነው። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰናብት የጨፈረው ሕዝብ ጎሣ አልቆጠረም። የድቻ ደጋፊ የሚጨፍረው የአባቶቹን አወጣጥና አቀባበል ተከትሎ ነው። ማንም ሐውልት ሳያቆምለት፣ ማንም ባጀት ሳይዝለት፣ የወላይታ ዘፈን ጎል በገባ ቁጥር ሲነሣ ይኖራል። መናፈሻው ይህን ቢመስል ይበቃኛል።

*

እንግዲህ ነቅፌ ብቻ እንዳልሄድ የምመኘውን ልዘርዝር። ሐያሲ የሚጠላው ነገር ብቻ ያለው ሰው ነው የሚባለውን አልወደውም።

መናፈሻው መደብ አይኑረው። ሰው ደረጃ ወጥቶ የሚያየው ሳይሆን ሲያልፍ የሚነካው ይሁን። ዕብነ በረድ ከሩቅ አይምጣ፤ የአገሩ ድንጋይ፣ የአገሩ ዛፍ ይበቃል። ሰው ሠርግ የሚጨፍርበት፣ በጊፋታ ሰሞን የሚሰበሰብበት ክብ ሜዳ ከመካከሉ ይቀመጥ፤ በሌላው ቀን ልጆች ኳስ ይምቱበት። ዙሪያውን ባለው ዝቅተኛ ግንብ ላይ የአውጪዎች ስም ይጻፍ፤ ከነመንደራቸው፣ ከዘፈኑበት ዘመን ጋር። ስሙ በወላይትኛ ይቅደም፤ አማርኛው ይከተል። ግንቡም ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ነገ የሚገኝ ስም አለና።

ዕዳውም ይጻፍ። «ይህ ሕዝብ ለብዙ ዘመን በሌላ ስም ይጠራ ነበር፤ ዘፈኑም ያለ ስም ይዘፈን ነበር» የምትል አንዲት አጭር ጽሑፍ በመግቢያው ላይ ትቁም። ማንንም ለመስደብ አይደለም። ትራዮን የኒናን ወላጆች የት እንዳስቀመጠች የሚያስታውስ ሁሉ ቀጥሎ በሚመጣ ጊዜ ወንበር እንዳይነሣ ይጠነቀቃል፤ ስለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ከመናፈሻው ጥግ አንዲት ክፍል ትሠራ። ትልቅ አትሁን። መቅረጫ መሣሪያና ሁለት ወንበር ያላት፣ አንዱ ለሚያወጣው፣ አንዱ ለሚያዳምጠው። በሶዶ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪዎቹ ከየቀበሌው ናቸው፤ እያንዳንዱ በእረፍቱ ከሰፈሩ የአንድ ሽማግሌና የአንዲት እናት ድምፅ ቀድቶ ቢመጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ፋልሴቶ ያላደረሰው ቅጽ ይገኛል። ቀጣዩ ቅጽ ከፓሪስ መምጣት የለበትም።

የሶዶን ከተማ የሚቀይሱ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። የዘፋኝ መናፈሻ ሐሳብ ከተወደደ ሥራው በመሠረት ድንጋይ አይጀመር። የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ አጥር ይታጠራል፣ ከዚያም ሁሉ ነገር የተሠራ ይመስላል። መጀመሪያ መቅረጫውን ይዘው ወደ ዳሞታ ወገብ መንደሮች ይውጡ። በዚያ ያሉት አውጪዎች አርጅተዋል። ሲሚንቶ ከፋብሪካ በማናቸውም ቀን ይመጣል፤ እነርሱ ግን አይጠብቁንም።